አንድ ሺህ ሁለት መቶ አንደኛው ቤት

ሠላሳ ዓመት ወረቀት ላይ ሲሰመር ርዝመቱ አንድ ስንዝር ነው።

ሠንጠረዥ ሠሪዋ ገጹን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ያዘችው። መስመሩ በግራ በኩል ከታች ተነሥቶ ቀስ እያለ ይወጣል። አሥራ ስምንተኛው ዓመት ላይ ድንገት አንድ እርከን ይዘላል፤ ከዚያ ወዲህ ሽቅቡን ትቶ አያውቅም። ከበላዩ በደማቅ ፊደል «የግዛቱ ቤተሰቦች ገቢ፦ የሠላሳ ዓመት ጉዞ» ይላል። ከበታቹ ፊርማዋ የሚያርፍበት ባዶ ቦታ አለ። በቢሮው ደንብ ሠንጠረዥን የሚፈርመው የሠራው ሰው ነው፤ ያልተፈረመበትን ማተሚያ ቤቱ አይቀበልም።

ሥራው ሲናገሩት ቀላል ነው። በየዓመቱ ቆጣሪዎች ሁለት ሺህ አራት መቶ አንድ በሮችን ያንኳኳሉ። የሞሏቸው ቅጾች ከዝቅተኛው ገቢ እስከ ከፍተኛው ይደረደራሉ። ከታችም ከላይም ሲቆጠር አንድ ሺህ ሁለት መቶ አንደኛ የሚሆነው ቤት የዓመቱ ልክ ተብሎ ይመዘገባል። አማካይ አይደለም። አማካይን አንድ ባለጸጋ ብቻውን ጎትቶ ያወጣዋል፤ የመሐሉን ቤት ግን ማንም ብቻውን ከቦታው አይነቀንቀውም። ሃያ ዓመት ከዚህ ወንበር ያልተነሣችው ይህን ስለምትወድ ነበር።

ኃላፊው በሩን በግማሽ ከፍቶ አንገቱን አስገባ።

«ፈረምሽ?»

«ገና ነኝ።»

«እመት ሠንጠረዥ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? እንዲህ ያለ መስመር በዕድሜሽ አይተሻል? ሙሽራ እኮ ነው የሚመስለው!»

«ይሄ እርከን አልገባኝም።»

«የቱ?»

«አሥራ ስምንተኛው ዓመት። ግዛቱ በሙሉ በአንድ ዓመት እንዲህ ይዘላል?»

«ከዘለለ ምን ላድርገው፣ ልጎትተው?» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «ስሚኝ። ምክር ቤቱ የኪራይ ድጎማው ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚለውን የሚወስነው ይህን ገጽ አይቶ ነው። ቤተሰቡ ከተሻለው ድጎማው ይቆማል፣ አለቀ። አሥር ቀን አለሽ።»

በሩ ተዘጋ። እሷም የዘንድሮውን የቅጾች ሣጥን ከፍታ እስከ መሐሉ ቆጠረች።

መሐል ላይ ያለው ቤት ቁጥር ብቻ አይደለም፤ በር አለው፣ ከበሩ ኋላም ሰው አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንዱንም በር አላንኳኳችም ነበር። በየዓመቱ የቆጣሪዎችን ሥራ ለማረጋገጥ አርባ ቤቶች እንደገና ይጎበኛሉ። አርባኛውን ስም ሰርዛ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አንደኛውን ቤት ጻፈች፤ ጎብኚ በሚለው ቦታም ራሷን።

ቤቱ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ ላይ ነበር። በሩን የከፈተችው ወጣት ሴት እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና ነው።

«ቆጥራችሁን ሄዳችሁ የለም እንዴ! በሁለት ወር ውስጥ እንጨምራለን ብላችሁ ነው?»

«የቆጠራችሁ ሰው በደንብ መቁጠሩን ላረጋግጥ ነው።»

«ግቢ በያ። ጫማሽን አታውልቂ፤ ወለሉ ራሱ ጫማ ነው የሚያስፈልገው።»

ከውስጥ የአሮጊት ድምፅ መጣ። «ማናት?»

«ቆጣሪ ናት፣ እማማ!»

«ቶሎ ትቁጠረኝ በያት፣ ሳልጎድል!»

ኮሪደሩ ጠባብ ነበር። በግራው ግድግዳ ሥር ሦስት ምድጃዎች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዳቸው አጠገብ አንድ ድስት፣ አንድ የጨው ዕቃ፣ አንድ የክብሪት ሣጥን። ሠንጠረዥ ሠሪዋ ቆመች።

«ሦስቱም የእናንተ ናቸው?»

«የኔና የባሌ መሐለኛው ነው። ዳር ያለው የእማማ፣ ያ የተሰነጠቀው ደግሞ የባሌ እህት። እማማ ጨው ተከልክለዋል፣ እኔ ያለ ጨው አይወርድልኝም፣ እሷ ደግሞ መቼ እንደምትበላ አይታወቅም፤ ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው። በሦስት ተከፍለን በሰላም እንኖራለን።»

«ገንዘባችሁስ፣ አንድ ላይ ነው?»

«አንድ ላይ?» ሴትየዋ በሳሙናው እጇ አፏን ልትሸፍን ብላ ተወችው። «የኔ እመቤት፣ እዚህ ቤት ሳሙና እንኳ የየራሳችን ነው። ይሄ የኔ ነው፤ ስትወጪ እንዳትነኪው።»

«ታዲያ ለምን አብራችሁ ሆናችሁ?»

«ኪራይ» አለች ሴትየዋ።

ቀስ በቀስ የቀረውን ነገረቻት። ባሏ አውቶቡስ ነጂ ነው። የተከራዩት ክፍል ዋጋ ሲጨምር ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ወደ እናቱ ተመለሱ፤ በዓመቱ እህቱ ግድግዳ ለሳኝ ከሆነው ባሏ ጋር ተከተለች። ለድጎማው ተመዝግበዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ተራችሁ ነው ተብለዋል። ክፍል እንኳ አይተዋል።

«መስኮት አለው» አለች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሌላ ሰው ሰምቶ እንዳይቀድማት ያህል።

«ይውጡልኝ፣ ልጄ!» አሉ አሮጊቷ ከውስጥ። «እወዳቸዋለሁ፤ ግን ይውጡልኝ!»

ሠንጠረዥ ሠሪዋ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ሰባት ስም በሰባት ረድፍ ተጽፏል፤ ከየስሙ ፊት ዕድሜ፣ ሥራ፣ የወር ገቢ። አራቱ ገቢ አላቸው፦ ጡረታ፣ የአውቶቡስ መሪ፣ መቀስ፣ ልስን። ከሥር ተደምሯል። ድምሩም ይህን ቤት የግዛቱ ልክ አድርጎታል።

ከዚያ መስመሮቹን አየች። ከአሮጊቷ ስም በታች አንድ ቀጭን የእርሳስ መስመር፤ ከነጂው ሁለተኛ ልጅ ስም በታች ሌላ። ቀና ብላ ምድጃዎቹን አየች። አንድ፤ አራት፤ ሁለት። እርሳሱ የከፈለው ልክ እንደዚያው ነበር።

እነዚህን መስመሮች ታውቃቸዋለች። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በዚያ በአሥራ ስምንተኛው ዓመት፣ ቅጾቹን ወደ ኮምፒውተር ከሚያስገቡት ልጆች አንዷ «ይሄ የእርሳስ ነገር ምንድን ነው?» ብላ ጠይቃት ነበር። ቀና ሳትል ነው የመለሰችላት፤ «ቆጣሪዎቹ ረድፍ እንዳይስቱ ያሰመሩት ነው። ዝለሉት።»

ዘለሉት። አሥራ ሦስት ቆጠራ ዘለሉት።

የቆጣሪዎቹ አለቃ የነበረው ሽማግሌ ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሁሉም ጋሽ እርሳስ ይሉታል። ደጁ ላይ በርጩማ አውጥቶ ተቀምጦ አገኘችው፤ ጆሮው ላይ አሁንም እርሳስ ነበር።

«ጋሼ፣ ከሥራ ከወጡ በኋላም?»

«ሚስቴ ሳወልቀው ራቁቴን የሆንኩ ይመስላታል። ተቀመጪ።»

ቅጹን ሰጠችው። መነጽሩን ሳያደርግ ገና ከሩቁ አወቀው።

«ጎበዝ ልጅ ነው ይሄን ያሰመረው። እጁ አይንቀጠቀጥም።»

«ምን ማለት ነው፣ ጋሼ?»

«አሁን ነው የምትጠይቂው?» ቅጹን በጥንቃቄ አጥፎ መለሰላት። «ድሮ ደንቡ ምድጃ ቁጠሩ ይል ነበር። ከአንድ ምድጃ የሚበላ አንድ ቤተሰብ ነው። ኋላ፣ በአሥራ ስምንተኛው ዓመት፣ በር ቁጠሩ ተባልን፤ በአንድ በር የሚገባ አንድ ቤተሰብ። ሥራው ይፈጥናል አሉ፤ እውነትም ፈጠነ። እኛ ግን በሩ ከተከፈተ በኋላ ምን እናድርግ? ዐይናችን ምድጃውን ያያል። ትእዛዝ አላፈረስንም። በር ቆጠርን፤ አንዱ ምድጃ አልቆ ሌላው የሚጀምርበት ላይ ደግሞ መስመር አሰመርን። እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። እነሱም ተከታዮቻቸውን አስተማሩ።»

«ለምን?»

«አንድ ቀን የሚጠይቅ ሰው ይመጣል ብዬ ነዋ።»

«አንድ ጊዜ ተጠይቆ ነበር።»

«ሰምቻለሁ። ከላይ ዝለሉት ተባለ አሉ።»

«ያልኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ጫፉን አየ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ታዲያ መጥተው አይነግሩኝም?»

«እናንተ አራተኛ ፎቅ ናችሁ፣ እኛ ደጅ ለደጅ። ደረጃውን ማን ይወጣዋል? ኋላ ደግሞ እኔ ጡረታ ወጣሁ፤ ጉልበቴም አብሮኝ ወጣ።» እርሳሱን ዘረጋላት። «በይ ያዢ። በማልቀስ ቅጽ አይቆጠርም።»

አላለቀሰችም። እርሳሱን ተቀበለች።

መዝገብ ቤቱ ከሕንጻው ሥር ነው። ቁልፉን የያዘችው ወፍራም ሴት እቴቴ ትባላለች፤ ለአቧራ ካልሆነ ለማንም አትነሣም እየተባለ ይቀለድባታል።

«የስንት ዓመት ሣጥን ነው የፈለግሽው?»

«የአሥራ ሦስት። ቀኑ ግን ስለማይበቃኝ የአራት። አሥራ ስምንተኛው፣ ሃያ ሁለተኛው፣ ሃያ ስድስተኛው፣ ሠላሳኛው።»

«ዘጠኝ ሺህ ቅጽ ነው እኮ፣ አንቺ ልጅ!»

«ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ አራት።»

«ለብቻሽ?»

«ለብቻዬ።»

እቴቴ ለጥቂት ጊዜ አየቻት። ከዚያ ከወንበሯ ተነሣች፤ ወንበሩም በድንጋጤ ጮኸ።

«የሠላሳኛውን ዓመት እኔ እይዛለሁ። ዐይኔ ደካማ ነው፤ አዲሱ ቀለም ይሻለዋል።»

ስድስት ቀን ገለጡ። አሠራራቸው አንድ ነበር። ቅጹን ያነሣሉ፤ የእርሳስ መስመር ከሌለበት ፊቱን ደፍተው ያስቀምጡታል። መስመር ካለበት ቤቱን በምድጃው ልክ ይከፍሉታል፤ የእያንዳንዱን ምድጃ ገቢ ለየብቻ ይጽፋሉ። ጠዋት በሁለት ሰዓት ይጀምራሉ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እቴቴ ቁልፉን አንኳኩታ «የሰው ቤት ይበቃናል፣ ወደየቤታችን» ትላለች።

የአንዳንዱ ቆጣሪ መስመር እንደ ፀጉር ቀጭን ነበር፤ የአንዳንዱ ወረቀቱን የሚቀድ። ዝናብ ያረጠባቸው ነበሩ፤ ቀለሙ ደብዝዞ ስሙ ሲጠፋ እርሳሱ ብቻ ሳይለቅ ቀርቷል። አንድ ቅጽ ላይ አምስት መስመር አገኙ። እቴቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ ቆጠረቻቸው፤ ከዚያ ቅጹን ለብቻው አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳትቀልድ ቀረች።

በአሥራ ስምንተኛው ዓመት ከአሥራ ሁለት ቅጽ አንዱ መስመር ነበረበት። በሃያ ሁለተኛው ከዘጠኝ አንዱ። በሃያ ስድስተኛው ከስድስት አንዱ። ዘንድሮ ከሦስት አንዱ።

«ሰዉ ተፋቀረ ማለት ነው?» አለች እቴቴ።

«ተደራረበ።»

ስምንተኛው ቀን ላይ ሠንጠረዥ ሠሪዋ አዲሱን መስመር ሠራችው። እርከኑ ጠፋ። በበር ደንብ ሲወጣ የነበረው መስመር በምድጃ ደንብ አሥራ ስምንተኛው ዓመት ላይ ሳይዘል አለፈ፤ ለጥቂት ጊዜ ሜዳ ለሜዳ ሄደ፤ ከዚያ ወደ ታች ዘመም አለ። በሠላሳኛው ዓመት የቆመው በአሥራ አራተኛው ዓመት ከነበረበት ቁመት ላይ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ተሠርቶ የመሐሉ ሰው የደረሰው ወደ ተነሣበት ነበር።

የመናኸሪያውን ቤት ፈለገችው። የዘንድሮዎቹ በሮች በምድጃ ሲቆጠሩ ሦስት ሺህ አራት መቶ ሃያ ሦስት ሆነዋል፤ መሐላቸው አንድ ሺህ ሰባት መቶ አሥራ ሁለተኛው ነው። አሮጊቷ ከታች ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንተኛ ላይ ተገኙ። መስኮት ያለው ክፍል የምትመኘው ሴትና ባሏ ስድስት መቶ አሥራ አንደኛ። ፀጉር ሠሪዋና ባሏ ዘጠኝ መቶ ሁለተኛ። ሦስቱም ከመሐሉ በታች። አንድ ላይ ተደምረው ግን የግዛቱ ልክ ተብለው ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ሁለቱን መስመሮች በአንድ ገጽ ላይ አድርጋ ወደ ኃላፊው ክፍል ገባች። እሱም ገጹን ሳያነሣ፣ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አየው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ነገረችው። የእርሳሱን፣ የምድጃውን፣ የአራቱን ሣጥኖች። ሳያቋርጣት ሰማት።

«ደንቡ በር ይላል» አለ በመጨረሻ። «በደንቡ ከሄድን የመጀመሪያው መስመር ስህተት የለበትም።»

«የለበትም። ይጥፋ አላልኩም። ሁለተኛው አጠገቡ ይቁም ነው የምለው።»

«ደንቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ስለዚህ የምትይው፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ...»

«አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ኪራይ እያቃተው ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ እኛ ገቢው አደገ እያልን ጻፍን። ሁለት ድሃ በአንድ በር ሲገባ አንድ ደህና ቤተሰብ ይሆንልናል። ድጎማው ሲቆም ደግሞ የባሰ ይደራረባሉ፤ መስመራችንም የባሰ ይወጣል።»

ኃላፊው ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ሄደ።

«ሌላ ሰው ላስፈርም እችላለሁ።»

«ይችላሉ። ያልሠራውን ነው የሚፈርመው። ማተሚያ ቤቱ አያውቅም፤ እርስዎ ግን ያውቃሉ።»

ከዚያ ሁለተኛ ወረቀት ሰጠችው፤ የግርጌ ማስታወሻው ነበር። በራሷ እጅ ጽፋዋለች፦ ቆጣሪዎች ምድጃን ከምድጃ የለዩበት የእርሳስ ምልክት ከአሥራ ስምንተኛው ዓመት ጀምሮ ሳይመዘገብ መቅረቱን፤ እንዲዘለል ያዘዘችው የሠንጠረዡ ሠሪ መሆኗን፤ ሁለተኛው መስመር የተሠራው ከአራት ዓመት ቅጾች ብቻ መሆኑን፤ የቀሩት ገና መሆናቸውን።

ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ጥፋቱን ለራስሽ ወሰድሽው።»

«የኔ ስለሆነ ነው። ደንቡ የእርስዎ ነበር፤ ዝለሉት ያልኩት ግን እኔ ነኝ።»

«ይሄ ከታተመ እዚያ ወንበር ላይ ልትቀመጪ አትችዪም።»

«የት ልቀመጥ?»

«መቀመጥ ማን አለ? ቆጣሪ ጎድሎናል።»

ሊያስፈራራት ያለው ይሁን ሊያድናት፣ ከፊቱ ለማወቅ አልቻለችም። ምናልባት እሱም አላወቀው ይሆናል።

«እሺ» አለች። «አንድ ነገር ግን አለኝ። የሚቀጥለው ቅጽ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር። ምድጃ የሚል።»

«አንቺ ሴትዮ ካልገፈተሩሽ አትወጪም?»

«ዓምዱን ከሰጡኝ በራሴ እወጣለሁ።»

ኃላፊው ተቀመጠ። ጣቱን የመጀመሪያው መስመር እርከን ላይ አሳረፈ፤ እዚያው አቆየው።

«እዚህች ላይ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር ዕድገት ነው እላለሁ» አለ። «አንድም ቀን ተውጦልኝ አያውቅም።» ብዕሩን ገፋ አድርጎ ሰጣት። «ፈርሚ። ሁለቱንም።»

የዓመቱ የሠንጠረዥ መጽሐፍ በቀኑ ወጣ። ምክር ቤቱ ገጹ ላይ ሁለት መስመር ሲያይ ግማሽ ቀን ተከራከረበት፤ አንድ አባል መጽሐፉን ዘቅዝቆ ይዞት ነበር ይባላል። መጨረሻ ላይ በምድጃ የተቆጠረ ሙሉ ዓመት እስኪገኝ ድጎማው እንዲቀጥል ተወሰነ። አንድ ዓመት። ሠንጠረዥ ሠሪዋ ዜናውን የሰማችው ዕቃዋን በካርቶን ስትከት ነው። አንድ ዓመት በወረቀት ላይ የጥፍር ስፋት እንኳ አይሞላም። ለአንድ የተመዘገበ ቤተሰብ ግን ተራው ሊደርስበት ይችላል።

ደረጃውን በእግሯ ወረደች። አራተኛ ፎቅ ያን ያህል ከፍ ያለ አልነበረም።

አዲሱ ቆጠራ በተጀመረ ቀን ጠዋት የመጀመሪያውን በር አንኳኳች። የከፈተላት ጎልማሳ ሸሚዙን በግማሽ ለብሶ ነበር። ስሞቹን ጻፈች፤ ስምንት ነበሩ። ሥራውን፣ ገቢውን ጠየቀች። አዲሱ ዓምድ ላይ ደረሰች።

«ምድጃችሁ ስንት ነው?»

«አንድ።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ነው፤ ግን እስከ ሰባት ሰዓት የኛ ነው፣ ከዚያ በኋላ የወንድሜ። በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ እንጣላበታለን። ከፈለግሽ ቆይተሽ ማየት ትችያለሽ፤ በነጻ ነው።»

ሳቀች። ዓምዱን አየችው፤ ብዙ ታግላበት ያገኘችው፣ ጠባብ፣ አንድ አኃዝ ብቻ የሚይዝ ዓምድ። በብዕር «1» ብላ ጻፈችበት፤ ደንቡ እንደዚያ ነውና።

ከዚያ እርሳሱን ከጆሮዋ አወረደች። ከአራተኛው ስም በታች፣ ሁለቱ ወንድማማቾች በሚለያዩበት ላይ፣ እጇ ሳይንቀጠቀጥ ቀጭን መስመር አሰመረች።